ፒያሳ ለጠጋኝ መርፌም ቦታ ይኑራት

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዐድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመርቆ ተከፈተ። በቀጣዩ ወር ዶሮ ማነቂያና አጎራባች መንደሮች በኮሪደር ልማት ምክንያት መፍረስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፒያሳ የተጻፈውና የተነገረው በአብዛኛው ስለ ግድግዳ ነው፤ የትኛው ሕንፃ ቅርስ ነው፣ የትኛው ይነሣ፣ ነዋሪው የት ይግባ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልሳቸውም ገና ያከራክራል። ከነሱ ጎን ግን ብዙም ያልተነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። በበረንዳ ሥር፣ በደረጃ ግርጌ፣ በሁለት ሱቆች መካከል በተረፈች ጠባብ ቦታ የስፌት መኪናውን አቁሞ የተቀደደ ሱሪ የሚጥፍ፣ ዚፕ የሚቀይር፣ የታላቅን ኮት ለታናሽ የሚያጠብብ፣ ሙሌቱ ወደ አንድ ጥግ የሸሸ ኮምፎርት መልሶ የሚወሰውስ ሰው በአዲሲቱ ፒያሳ የት ይቀመጣል? ጥገና ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ይህ ሙያ ደግሞ ከደንበኛው ደጅ ሲርቅ ይሞታል። ስለዚህ ከተማዋ ፒያሳን እንደገና ስትሠራ ለጠጋኞች በፕላኗ ውስጥ ቦታ ልትቆርጥላቸው ይገባል እላለሁ።

ፒያሳ የምትገኝበት አራዳ ከጥንስሱ የሠሪና የሰፊ መንደር ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የእጅ ሙያተኞች የሰፈሩበት ቦታ እስከ ዘመናችን ሠራተኛ ሰፈር ሲባል ኖሯል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይቆም የነበረው የአራዳ ገበያ ጨውና እህል፣ ከብትና ፈትል፣ ሸማና አቡጀዲ የሚገናኙበት የከተማዋ እምብርት ነበር። በዚያ ዘመን ከውጭ ከሚገባው ሸቀጥ ዋነኛው የጥጥ ጨርቅ በመሆኑ፣ ብትን የሚያስመጡ የሕንድ ነጋዴዎችና በልዩ ልዩ የእጅ ሙያ የተሰማሩ አርመኖች ሱቃቸውን በዚሁ አካባቢ ከፈቱ፤ አገሬው ልብስ ሰፊም ከነሱ ጎን ተቀመጠ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው። የጅምላ ጨርቅ ንግድም አብሮ ሄደ። የመጠገን ሥራ ግን ለባሹ ባለበት ሁሉ ቀረ፤ ምክንያቱም ብትን ጨርቅ ገበያ ባለበት ይሸጣል፣ የተቀደደ ልብስ የሚሰፋው ግን ሰው ባለበት ነው። ይህ ልዩነት ለዛሬው ክርክር ቁልፍ ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ጥገና ደንበኛውን ሁለቴ ያመላልሳል፤ አንዴ ለመስጠት፣ አንዴ ለመውሰድ። መሄድና መመለሱ ሲቆጠር አራት ጉዞ ማለት ነው። ሰው ለሠርግ ልብሱ ወይም ለቤት ዕቃ ከተማ ቢያቋርጥ አይቆጨውም፤ የሚያወጣው ገንዘብ ትልቅ ስለሆነ የታክሲው ዋጋ ከቁጥር አይገባም። የሱሪ እግር ለማሳጠር ወይም ሦስት ቁልፍ ለማስተከል ግን አራት ጊዜ ታክሲ የሚሳፈር የለም። የታክሲው ክፍያ ከስፌቱ ክፍያ ይበልጣልና። በዚህ ምክንያት ጠጋኝ መኖር የሚችለው ደንበኛው ለሌላ ጉዳይ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ጠዋት ሥራ ሲገባ ጥሎት የሚሄድ፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያነሣው። አንድ ሰው ተነሥቶ «ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ከሄደ ጠጋኙም ይከተለው» ቢል ግማሽ እውነት አለው፤ በከተማው ዳርቻ ያሉት አዳዲስ ሰፈሮችም ጠጋኝ ይፈልጋሉ፣ ብዙዎቹም በራሳቸው ጊዜ እያገኙ ነው። ነገር ግን ፒያሳ ከነዋሪዋ በላይ የአላፊ አግዳሚ ከተማ ናት። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ሱቅ ጠባቂው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ ለጉዳይ የመጣው ባላገር ቀኑን ሙሉ ይመላለስባታል። ይህ ሕዝብ አልተነሣም፤ እንዲያውም አዲሶቹ ሕንፃዎች ሲሞሉ ይጨምራል። ሥራው አለ፣ ደንበኛው አለ፤ የጠፋው መቀመጫው ነው።

ለመሆኑ ጥገና ይህን ያህል ክርክር የሚገባው ሙያ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አዲስ ልብስ የሚሰፋ ሰው ከሙሉ ጨርቅ ይነሣል፤ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይገጥማል። ጠጋኙ የሚነሣው ሌላ ሰው ከሰፋው፣ ሌላ ሰው ለብሶ ካሳሳው ነገር ነው። መጀመሪያ የነበረውን ስፌት ማንበብ፣ የት እንደሚፈታ ማወቅ፣ ጨርቁ ምን ያህል መርፌ እንደሚችል መገመት አለበት። የእራፊው ድርና ማግ ከልብሱ ድርና ማግ ጋር ካልገጠመ በመጀመሪያው እጥበት ይጨማደዳል። ያልታጠበ አዲስ እራፊ ባረጀ ልብስ ላይ ሲጣፍ፣ እራፊው በውኃ ሲሰበሰብ ዙሪያውን ይዞ ይቀደዋል፤ ይህን እውነት ወንጌል እንኳ ለምሳሌ ተጠቅሞበታል። ድርብርብ ጨርቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ኩታ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ የላይኛው ድርብ ተበልቶ የታችኛው ደህና በሚሆንበት ጊዜ የትኛውን ከየትኛው ጋር መወስወስ እንደሚገባ የማያውቅ እጅ ጋቢውን ያቆረፍደዋል፣ ሙቀቱንም ያጠፋበታል። ኮምፎርትም እንዲሁ ነው፤ ሙሌቱን በየቦታው የያዘው የመስመር ስፌት ሲበጠስ ልብሱ አንድ ጎኑ ጉብታ፣ ሌላው ባዶ ይሆናል። ሙሌቱን አውጥቶ መበተን፣ እኩል ማንጠፍ፣ መስመሩን መልሶ መስፋት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚችል ሰው ልብስን ከውስጥም ከውጭም የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

ያለፉት ዐሥር ዓመታት የኢንዱስትሪ ፖሊሲያችን ስለ ልብስ ስፌት ሲያስብ በአእምሮው የነበረው ሌላ ዓይነት ሠራተኛ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ተስፋው በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ለወጪ ንግድ በሚሠራ የስፌት መስመር ላይ ማሰለፍ ነበር። በመስመር ላይ አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ ሌላዋ ኮሌታ፣ ሌላዋ ኪስ፤ ሙሉ ልብሱን የምታውቅ የለችም፣ እንድታውቅም አይፈለግም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ተጠቃሚነት ስትወጣ የዚህ አሠራር ደካማ ጎን ታየ፤ የውጭ ገዢው ሲሄድ ኪስ ብቻ መግጠም የምታውቅ ልጅ ሙያዋን ይዛ የምትቀመጥበት ደጅ የላትም። ፋብሪካ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ አገር ያለ ፋብሪካ ሕዝቧን አታለብስም። ነገር ግን ከሩቅ አገር በሚተላለፍ ውሳኔ የማይነቃነቅ፣ አንድ መኪናና ሁለት እጅ ይዞ ከቤተሰብ ጋር የሚያኖር ሙያ በከተማዋ መሐል እያለ ለእሱ ፖሊሲ አለመኖሩ ሚዛን የሳተ ነገር ነው። ከፓርክ የወጣች ሠራተኛ ሙሉ ልብስ መፍታትና መገጣጠም የምትማርበት ቦታ ቢኖር፣ ያንን የምታስተምራት የረዥም ዓመት ጠጋኝ እንጂ መጽሐፍ ብቻ አይሆንም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንለፍ። የመጀመሪያውና ጠንካራው የዋጋ ነው፤ አዲስ ልብስ ረክሷል፣ ቦንዳ ሞልቷል፣ ማን ያሰፋል ይባላል። ይህ ከዓመታት በፊት ከዛሬው ይልቅ ያስኬድ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ልብስ ሁሉ፣ የተለበሰውም ያልተለበሰውም፣ ይህን ጭማሪ ይሸከማል። የጠጋኙ ዋና ወጪ ግን የራሱ ጉልበት ነው፤ ከውጭ የሚመጣበት ክርና መርፌ፣ ዚፕና ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ ልብስ በተወደደ ቁጥር የጥገና ዋጋ በአንጻሩ እየረከሰ ይሄዳል። ቦንዳው ራሱ ጠጋኝን አላባረረም። ከሌላ አገር ሰው ልክ የወጣ ሱሪ ወገቡ ሊጠብብ፣ እግሩ ሊያጥር ይፈልጋል፤ ቦንዳ ገዢ ከሻጩ ወጥቶ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ልብስ ሰፊ ነው። የተማሪ ዩኒፎርምን ደግሞ እንመልከት። ጉልበቱ ላይ የተቀደደ የደንብ ልብስ ሱሪ ከጨርቁ ዐሥር እጅ ዘጠኙ ደህና ነው፤ ዓመቱ ሳይጋመስ ሌላ መግዛት ለአብዛኛው ወላጅ ከባድ ነው፤ ጠጋኝ በአቅራቢያ ካለ ግን በአንድ ቀን ያልቃል። ርካሽ ልብስ የሚባለውም ርካሽነቱ የሚታወቀው ስንት ጊዜ እንደተለበሰ ሲቆጠር ነው። በሦስት ወር የሚበተን ቀሚስ በግማሽ ዋጋ ቢገዛ ለገዢው ትርፍ አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኪስ ይልቅ ከልብ የሚመጣ ነው፤ የተጣፈ ልብስ የድህነት ምልክት ነው፣ ድሪቶ የለማኝ ልብስ ነው የሚል። ይህን ስሜት ማቃለል አይገባም። ድሪቶን ሌላ አማራጭ አጥቶ የለበሰ ሰው የእራፊ ውበት ቢነገረው ስድብ ይመስለዋል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ሰው ልብስ ማጣቱ አንድ ነው፣ ልብስ የማዳን ሙያ መናቁ ሌላ ነው። የእጅ ሙያን መናቅ እዚህ አገር ጥንታዊ በሽታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው የሚሰድብ ስለበዛ ነበር፤ ተሳዳቢው እንደሚታሰርም አስጠንቅቀዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ አለ። ዛሬ ጠጋኙን በስሙ የሚሰድበው ላይኖር ይችላል፤ ከፕላን ግን ይዘለላል። በሌላ በኩል ደግሞ ይኸው አገር ጥገናን እንዴት ማክበር እንደሚቻል የሚያሳይ ባህልም አለው። ብራና ሲፋቅና ሲወጠር ይቀደዳል ወይም ይበሳል፤ ደብተራው በመርፌና በክር ይሰፋውና በተሰፋው ጠርዝ ዙሪያ ጽሑፉን ይቀጥላል። በየገዳሙና በየቤተ መጻሕፍቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት ላይ ይህ ስፌት በግልጽ ይታያል። መጽሐፉን የተሰፋ ነው ብሎ የናቀ አንባቢ የለም፤ ስፌቱ የጽሑፉን ዕድሜ ያረዘመ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በቆዳ ላይ የተከበረው ስፌት በጨርቅ ላይ የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም።

ከዚህ አልፎ ጥልፍና ጥፍ ወደ ሥነ ጥበብ አዳራሽ የሚገቡበት ዘመን ላይ ነን፤ መንገዱንም ካሳዩት መካከል አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተመረቀ በኋላ ለዓመታት ሸራን በመርፌና በክር እየሞላ፣ ቁልፎችንና የተጣሉ ዕቃዎችን እየሰፋና እየገጠመ ሲሠራ ቆይቷል። በኋላም ከመርካቶ ምናለሽ ተራና ከመሰል ቦታዎች የሚሰበስባቸውን የኤሌክትሮኒክስ ሽቦዎችና ቁርጥራጮች እንደ ክር እየጎነጎነ ግዙፍ ሥዕሎች አወጣባቸው። ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢናሌ ዋናው ዐውደ ርእይ ላይ ቀርበዋል፤ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ቤተ መዘክርም በአዲስ አበባ ይገኛል። ከውጭ ደግሞ በአሜሪካ አላባማ ጊዝ ቤንድ የተባለች የገጠር መንደር አለች። በባርነት የኖሩ ሰዎች ዘር የሆኑ ጥቁር ሴቶች ከተበላ የሥራ ልብስ እራፊ እየቆረጡና እየቀጠሉ ለብርድ የሰፉት የአልጋ ልብስ እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ታየ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አወጣበት። የጊዝ ቤንድ ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያም አለው። ዝናው ከመጣ በኋላ ከሰፊዎቹ አንዳንዶቹ የሽያጩ ጥቅም ለኛ አልደረሰንም ብለው እ.ኤ.አ. በ2007 ፍርድ ቤት ሄደዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የእራፊ ሥራ በአዳራሽ ውስጥ መሰቀሉ ብቻውን ሰፊዋን አያኖራትም። እሷን የሚያኖራት በየቀኑ የሚመጣ ሥራና የራሷ የሆነ መቀመጫ ነው፤ ጥበቡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ለፒያሳ የምጠይቀው የጋለሪ ጥግ አይደለም። የሚሠራ፣ ደንበኛ የሚገባበትና የሚወጣበት ተራ ነው የምጠይቀው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የከተማ ውበት ነው። ኮሪደር የተሠራው መንገድ እንዲጠራ፣ እግረኛው ሳይደናቀፍ እንዲሄድ ነው፤ የስፌት መኪና በየበረንዳው ከተመለሰ ምን ተረፈን ይባላል። የእግረኛ መንገድ የእግረኛ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ሥርዓት ማለት ሙያን ማባረር ማለት ከሆነ ሐረርን ምን እንላት? በጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ገዢ ከአጠገቡ ሱቅ ብትኑን ይመርጣል፣ ሰፊው እዚያው ይለካዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ለብሶት ይሄዳል። ሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ ነው፤ ጎብኚ ሐረር ሲገባ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱም ይህ መንገድ ነው። ሰፊዎቹ እዚያ የተቀመጡት ለጎብኚ ትርኢት ብለው ሳይሆን ለእንጀራቸው ነው፤ መንገዱ የሚስበውም ለዚህ ነው። ከጎረቤት አልፈን ጋና ብንሄድ የአክራው ካንታማንቶ ገበያ ሌላ ምስክር ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚጫነው አሮጌ ልብስ እዚያ ሲራገፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰፊዎች፣ አጣቢዎችና በካውያ ተኳሾች ከሻጮቹ ጎን ሆነው ያጠብባሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ከሁለት ሸሚዝ አንድ ቀሚስ ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 መጀመሪያ ከባድ ቃጠሎ ገበያውን ሲያወድመው ነጋዴዎቹና ሰፊዎቹ እዚያው ቦታ መልሰው መሥራት የጀመሩት ሙያው ከሻጩና ከገዢው ተለይቶ መኖር እንደማይችል ስለሚያውቁ ነው። ካንታማንቶ ጉድለት የለበትም አልልም፤ የእሳቱ አደጋ ራሱ የተጨናነቀና ያልታቀደ ገበያ ምን እንደሚያመጣ ያሳያል። እኛ ግን ከባዶ መሬት ጀምረን እየሠራን ነው፤ አቅዶ መሥራት የምንችልበት ዕድል በእጃችን አለ። አንድ ጠጋኝ የሚፈልገው አንድ መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ መስቀያና የደንበኛ መቆሚያ ብቻ ነው፤ ጥቂት ካሬ ሜትር ይበቃዋል። በየሕንፃው ምድር ቤት ለደረጃና ለመተላለፊያ ከሚባክነው ቦታ ያነሰ ነው።

አራተኛው ተቃውሞ የገበያ ነው፤ ሙያው አስፈላጊ ከሆነ ገበያው ራሱ ቦታ ይፈልግለታል፣ መንግሥት ለምን ይገባል ይባላል። እውነታው ግን ገበያው ብቻውን ሲተው የምድር ቤቱን ኪራይ የሚችለው ባንክ፣ ሞባይል ቤትና ካፌ ነው። የመሬቱን ፕላን ያወጣውና ነባሩን መቀመጫ ያነሣው ደግሞ ገበያው ሳይሆን አስተዳደሩ ነው፤ አንሥቶ ሲያበቃ የሚመልሰውን ለገበያ መተው ፍትሕ አይሆንም። ሀብታም አገሮች ጥገናን ለማቆየት የሚያደርጉትን ማየትም ይጠቅማል። ፈረንሳይ ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልብስና ጫማ ለሚያስጠግን ሰው ከክፍያው ላይ ከ6 እስከ 25 ዩሮ የሚቀነስበት ሥርዓት ዘርግታለች። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2017 በልብስና በመሰል ጥገና ላይ የሚከፈለውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ25 ወደ 12 በመቶ፣ በ2022 ደግሞ ወደ 6 በመቶ አወረደች፤ በ2023 ግን ወደ 12 በመቶ መለሰችው። ከሁለቱ የምንወስደው ነገር አለ። አንደኛ፣ ሙያው አንዴ ከጠፋ በኋላ መመለሱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው፤ እነሱ በገንዘብ የሚገዙትን እኛ ገና በእጃችን ይዘነዋል። ሁለተኛ፣ በታክስ የተሰጠ ድጋፍ የበጀት ነፋስ ሲዞር ይቀነሳል፤ በፕላን የተቀመጠ ቦታ ግን በቀላሉ አይነቀልም። ከግምጃ ቤት ገንዘብ ይውጣ አላልኩም፤ ድጎማ የማንችል ድሃ አገር ነን። ቦታ ግን አለን።

የመጨረሻው ተቃውሞ ይህ ሁሉ ለአሮጌዋ ፒያሳ የሚደረግ ናፍቆት ነው የሚል ነው። አሮጌዋ ፒያሳ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የጋራ መጸዳጃ ቤት፣ የጭቃ ግድግዳ ያላት ሰፈር ነበረች፤ ያንን የኖረበት ሰው ይመለስልኝ አይልም፣ እኔም አልልም። ሙያው ግን ከግድግዳው ይለያል። በጭቃ ቤት በረንዳ የሚሠራ ጥገና መስታወት በተገጠመለት ሕንፃ ውስጥም ይሠራል፤ መብራትና ውኃ ባለበት ደግሞ በተሻለ ይሠራል። ናፍቆት ነው የሚባለው ያለፈውን እንዳለ ለማቆየት ሲሞከር ነው። ጠጋኞች ሊያድጉ፣ ኦቨርሎክ ሊገዙ፣ ዋጋቸውን ጽፈው ሊለጥፉ፣ የደረሰኝ ሥርዓት ሊገቡ፣ ከሥነ ጥበብ ተማሪዎች ጋር በእራፊ አዲስ ሥራ ሊሞክሩ ይችላሉ። ዛሬ ከልብስ ቤቶች ወለል ተጠርጎ በማዳበሪያ እየታሰረ የሚጣለው ቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የግድግዳ ሥራ ሊሆን የሚችል ጥሬ ዕቃ ነው። በጥበብ ጥለትና በአገር ፈትል የታወቀች አገር ከሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሥራ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ መጣሏ የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ ሰብሳቢውና ሰፊው የሚገናኙበት ቦታ ማጣት ነው። ይህ ሁሉ ግን በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ሰዎቹ መቀመጫ ሲኖራቸው።

ስለዚህ ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአራዳ ክፍለ ከተማ በፒያሳ በሚገነቡ ሕንፃዎች ምድር ቤት ለአነስተኛ የጥገና ሙያዎች የሚሆኑ ጥቂት ካሬ ሜትር ክፍሎች በግንባታ ፈቃዱ ውስጥ ግዴታ ያድርጉ፤ ኪራዩም ለጠጋኝ ገቢ በሚመጥን ልክ ይወሰን፣ ቅድሚያውም በልማቱ ለተነሡት ይሁን። የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ጥገናን በስፌት ትምህርት ጠርዝ ከማለፍ ይልቅ ራሱን የቻለ የብቃት ደረጃ ይስጡት፤ በዕድሜ የገፉት ጠጋኞች በአሠልጣኝነት ይግቡ፣ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። ሦስተኛው ጥያቄ ለአንባቢ ነው። በቁም ሣጥንዎ ውስጥ በአንድ ስፌት ምክንያት የተቀመጠ ሱሪ፣ ጠርዙ የሳሳ ጋቢ፣ ሙሌቱ የሸሸ ኮምፎርት ካለ በዚህ ሳምንት በመንገድዎ ላይ ላለ ጠጋኝ ይስጡ፤ ዋጋውንም ሳይከራከሩ ይክፈሉ። ባለሥልጣን ለሙያው ቦታ የሚቆርጠው ደንበኛ ያለው መሆኑን ሲያይ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ እርስዎ ነዎት።